የመምህር ክፍል፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ታሪክና ስለ ቅይጥ አሠራር ጥቂት ማስታወሻ

ባለፈው የትምህርት ዓመት ማብቂያ ላይ የምናስተምርበት ኮሌጅ አስተዳደር ለመምህራኑ ሁሉ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ደብዳቤ አሠራጭቶ ነበር። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ መምህራን ከፊሉን ሥራቸውን በቤታቸው፣ ከፊሉን በግቢው ውስጥ ስለሚያከናውኑ፣ በሦስተኛው ፎቅ የሚገኙት የግል ቢሮዎች ፈርሰው በምትካቸው በቀጠሮ የሚያዙ የጋራ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ፤ ለእያንዳንዱ መምህር ቁልፍ ያለው አንድ ሣጥንና ሁለት ሜትር የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሰጠዋል፤ የተረፈውን ንብረቱን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ እንዲያነሣ ይጠየቃል። ይህን አሠራር በእንግሊዝኛው «ሃይብሪድ» ይሉታል፤ እኛ ቅይጥ አሠራር ብለነዋል።

ደብዳቤው እንደ ደረሰን መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ሜትር ተውሰን መደርደሪያችንን መለካት ነበር። 19 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ሰባቱ ሜትር በአማርኛና በግዕዝ የተጻፉ መጻሕፍት፣ በስደት የታተሙ መጽሔቶች፣ በራሪ ጽሑፎችና የወዳጆች ደብዳቤዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የሉም። ሁለተኛው ያደረግነው የሙያችን ጠባይ ሆኖ ታሪኩን መመርመር ነው። መምህር የራሱ ክፍል ይኑረው የተባለው ከመቼ ወዲህ ነው? ክፍሉን የሰጠውስ ማን ነው፤ ስለ ምን ብሎ ሰጠው? በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ያንን ፍለጋ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢሮ ይቅርና የራሱ የሚለው ሕንጻም አልነበረውም። በቦሎኛም ሆነ በፓሪስ መምህራኑ ያስተምሩ የነበረው በኪራይ ቤት ሲሆን፣ ትልልቁ ስብሰባ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይካሄድ ነበር። ይህ ድህነት ቢመስልም በውስጡ ትልቅ ኃይል ነበረው። በ1209 የኦክስፎርድ ከተማ ሰዎች ተማሪዎችን በሰቀሉ ጊዜ መምህራኑና ተማሪዎቹ ከተማዋን ጥለው ወጡ፤ ከእነርሱም ከፊሉ ካምብሪጅ ሰፍሮ ዛሬ የምናውቀውን ዩኒቨርሲቲ መሠረተ። በ1229 ደግሞ በፓሪስ ተማሪዎች በንጉሡ ወታደሮች ስለ ተገደሉ መምህራኑ ማስተማራቸውን አቁመው ተበተኑ። ገሚሱ ወደ ኦርሌአን፣ ገሚሱ ወደ ቱሉዝ ሄደ፤ የእንግሊዙ ንጉሥም «ወደኔ ኑ» ሲል ጋበዛቸው። ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1231 ጳጳሱ ግሪጎርዮስ ዘጠነኛ መብታቸውን የሚያጸና ደብዳቤ ሲያወጡ ነበር የተመለሱት። ጥለውት የሚሄዱት ሕንጻ ያልነበረው ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍቱን ጠቅልሎ ለመነሣት አይቸገርም ነበር። ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። በሀገራችን የቅኔ ተማሪ መምህሩን ፍለጋ አገር ያቋርጣል፤ ጎጆውን የሚቀልሰው መምህሩ ካለበት አጠገብ ነው፤ መምህሩ ሲዛወርም ጉባኤው አብሮ ይዛወራል።

ሕንጻ ከመጣ በኋላም ቢሆን መምህሩ ለረጅም ዘመን የሚሠራው በቤቱ ነበር። ቶማስ ጀፈርሰን ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ንድፍ ላይ ትምህርት ቤቱና መኖሪያ ቤቱ አንድ ናቸው። በ1825 ትምህርት ሲጀመር ከነበሩት አሥር ቤቶች በእያንዳንዱ ፕሮፌሰሩ ከላይ ይኖራል፣ ከታች ያስተምራል። የጀርመኑ የታሪክ ሊቅ ሊዮፖልድ ፎን ራንከም በርሊን ውስጥ ተማሪዎቹን ሰነድ መመርመር የሚያለማምዳቸው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መጻሕፍቱ መካከል አስቀምጦ ነበር። የታሪክ ሴሚናር ብለን የምንጠራው ልማድ የተወለደው እንዲህ ካለ የቤት ክፍል ነው። ራንከ በ1886 ሲሞት ያ ቤተ መጻሕፍት ተሽጦ ባሕር ተሻገረና በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሆነ። ስለዚህ «ከቤት ሆኖ መሥራት» የዘመናችን ግኝት ነው የሚሉን ሰዎች ታሪኩን ገልብጠው እያነበቡት ነው። አዲሱ ነገር ቢሮው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን የሚያደርሰን በኒው ጀርሲ የሚገኘው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1920ዎቹ የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህራን አብዛኞቹ ቢሮ ስላልነበራቸው በየቤታቸው ይሠሩ ነበር። ክፍል አስተምረው ይሄዳሉ፤ እርስ በርስ የሚገናኙት ሲጠራሩ ብቻ ነው፤ ተማሪም የት እንደሚያገኛቸው አያውቅም። በዚህ ሁኔታ እጅግ ያዘነው ኦስዋልድ ቬብለን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ነበር። የርሱ ቅሬታ ዛሬ ዲኖቻችን በየስብሰባው ከሚያሰሙት ጋር አንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። መፍትሔው ግን ፍጹም ሌላ ነበር።

ዲኑ ሄንሪ ፋይን በ1928 በድንገተኛ አደጋ ሲሞቱ፣ ወዳጃቸው ቶማስ ጆንስ ከቤተሰባቸው ጋር በስማቸው ለሚቆም የሒሳብ ሕንጻ ገንዘብ ሰጡ። የንድፉን ነገር በአብዛኛው የመራው ቬብለን ነው። መምህራኑን በትእዛዝ ወደ ግቢ ማምጣት እንደማይቻል የተረዳ ሰው ነበርና፣ ከቤታቸው የተሻለ ክፍል ልሥራላቸው ብሎ ተነሣ። በ1931 የተከፈተው ፋይን ሆል ውስጥ ለመምህራኑ የተሰጡት ክፍሎች «ስተዲ» እንጂ ቢሮ አልተባሉም። ግድግዳቸው በእንጨት የተለበጠ፣ አንዳንዶቹ የእሳት ምድጃ ያላቸው፣ ሰው ተቀምጦ ሊያስብባቸው የተሠሩ ክፍሎች ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ከበላያቸው በላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ከፊዚክስ ሕንጻው ጋር በመተላለፊያ ይገናኛል። በአቅራቢያው የቴኒስ ሜዳ ስለ ነበር መምህራን ተጫውተው ሲመለሱ ወደ ቤታቸው እንዳይሄዱ መታጠቢያ ሳይቀር ተሠርቶላቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው የጋራ ማረፊያው ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ሻይ ይቀርባል፤ ሁሉም ከየክፍሉ ይወጣል፤ ጀማሪው ተማሪ ከታላቁ ሊቅ አጠገብ ቆሞ ይከራከራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውላለን። የጋራው ክፍል የሠራው የግሉ ክፍል በአጠገቡ ስለ ነበረ ነው። በሩን ዘግቶ የሚያስብበት ቦታ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ ለመውጣት አይሰስትም።

የፋይን ሆል ነገር ለስደተኛ አንባቢ ሌላም ትርጉም አለው። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አልበርት አይንሽታይን አሜሪካ ሲገባ፣ የተቀበለው የከፍተኛ ጥናት ተቋም የራሱ ሕንጻ ገና አልነበረውም። ፉልድ ሆል የተባለው ሕንጻው እስከ ተሠራበት እስከ 1939 ድረስ ተቋሙ የተጠለለው በፋይን ሆል ነበር። ቬብለን ራሱ ከናዚ የሸሹ ሊቃውንትን በየዩኒቨርሲቲው ለማስቀመጥ ብዙ የደከመ ሰው ነው። አገሩን፣ መጻሕፍቱንና ተማሪዎቹን ጥሎ ለመጣ ሰው በሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ክፍል መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ሰዎች ማብራራት አያሻንም። (ያ አሮጌ ፋይን ሆል ዛሬ ጆንስ ሆል ይባላል፤ ከሚገኙበት የትምህርት ክፍሎች አንዱ የቅርብ ምሥራቅ ጥናት ነው።)

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስል ተቃራኒውንም መጥቀስ ያስፈልጋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ በ1943 ለራዳር ምርምር ተብሎ በጥድፊያ የቆመ «ሕንጻ 20» የተባለ የእንጨት ቤት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ይፈርሳል የተባለው ቤት እስከ 1998 ድረስ 55 ዓመት ቆመ። በበጋ የሚሞቅ፣ በክረምት የሚበርድ፣ መልኩም የሚያስጠላ ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃለ የዘመናዊውን የቋንቋ ጥናት መሠረት የጣሉት ከዚያ ቤት ውስጥ ነው። ተመራማሪው ግድግዳ ቢያስቸግረው ይነድለዋል፤ ጣሪያ ቢያጥረው ይቀደዋል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ፋይን ሆልና ሕንጻ 20 በመልክ አይገናኙም። የሚያመሳስላቸው የክፍሉ አዛዥ በውስጡ የሚሠራው ሰው መሆኑ ነው።

የሀገራችንም ታሪክ የራሱ ምሳሌ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1961 የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ የንጉሥ እልፍኝ የጥናት ክፍል ሆነ። በ1963 የተቋቋመው፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዲሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጀው በዚያው ነው። ስለዚያ ስጦታ ዓላማ ብዙ ተከራክረናል፤ ክርክሩን አሁን አንቀሰቅሰውም። ሆኖም ክፍል ሰጭ ክፍል ነሺም መሆኑን ያየነው በዚያው ግቢ ነው። በሚያዝያ 1993 ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ ተሰናበቱ፤ ከመካከላቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙባቸው ነበር። የ1229ኙ የፓሪስ መምህር ሲነሣ ዩኒቨርሲቲው ከርሱ ጋር ይነሣ ነበር። የ1993ቱ ሲነሣ ክፍሉ እዚያው ይቀራል፤ ቁልፉም የተቋሙ ነው።

በአሜሪካ የግል ቢሮ ተራ መብት የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ስለ ሸፈነ ኮሌጆች በተማሪ ተጥለቀለቁ፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹም ረጅም ኮሪደር ያላቸው፣ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ትንንሽ ክፍሎች የተደረደሩባቸው ሕንጻዎች በየግቢው ተሠሩ። የምድጃው ነገር ቀረ፤ በሩና ስሙ ግን ቀሩለት። በዚያው ዘመን የንግዱ ዓለም ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነበር። በጀርመን የሽኔለ ወንድማማቾች በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድግዳ የሌለውን ሰፊ የቢሮ አዳራሽ አስፋፉ፤ በአሜሪካ ሮበርት ፕሮፕስት ለሄርማን ሚለር ኩባንያ በ1964ና በ1968 ያወጣቸው የቢሮ ዕቃዎች ሠራተኛውን ነጻ ያወጣሉ ተብለው ሳለ የ«ኪውቢክል» አባት ሆኑ። በ1990ዎቹ ቻይት ዴይ የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ቋሚ ጠረጴዛን ጨርሶ አስቀርቶ ሠራተኞቹ በየማለዳው ስልክና ኮምፒዩተር እየተበደሩ ያገኙት ቦታ ላይ እንዲቀመጡ አደረገ። ሰዎቹ ሰነዳቸውን በመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በ1998 ድርጅቱ ሙከራውን ትቶ ወደ ቋሚ ጠረጴዛ ተመለሰ። በ2018 ደግሞ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ግድግዳቸውን ያፈረሱ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶችን አጥንተው፣ የሠራተኞቹ የፊት ለፊት ንግግር ወደ 70 በመቶ እንደ ቀነሰና የኤሌክትሮኒክ መልእክት እንደ በዛ አሳይተዋል። የተደበቀበት ግድግዳ የፈረሰበት ሰው በዝምታ መጋረጃ ይሠራል። ለኛ ኮሌጅ የቀረበው ንድፍ እንግዲህ ሌላው ቤት ሞክሮ ያስቀመጠው ልብስ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የኮሪደሩ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር ማለታችን አይደለም። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር እንዳስታወቀው፣ በ1987 ከመምህራኑ 47 በመቶ ያህሉ ቋሚ ሹመትም ሆነ ወደ ቋሚ ሹመት የሚያደርስ መንገድ የሌላቸው ነበሩ፤ በ2021 ቁጥሩ 68 በመቶ ደርሷል። ከእነዚህ መካከል በሳምንት ሦስት ኮሌጅ እየዞሩ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ ከወገኖቻችንም ጥቂት የማይባሉ አሉበት። እኛም የዶክትሬት ዲግሪያችንን ከያዝን በኋላ ለስድስት ዓመት እንዲሁ ኖረናል። ተማሪ የምንቀበለው ካፊቴሪያ ውስጥ ነበር፤ የፈተና ወረቀት የሚከማቸው ከመኪናችን የኋላ ወንበር ላይ ነው። አንድ ቀን ተማሪ ስለ ውጤቷ እያለቀሰች ስታነጋግረን አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰዎች ፒሳ ይበሉ ነበር። ከዚህም ሌላ ባዶ ክፍል በክረምት እየተሞቀ ዓርብ ዓርብ ጭር ብሎ የሚውል መሆኑን ክደን ከአስተዳደሩ ጋር ብንሟገት እውነተኞች አንሆንም። የግል ቢሮ ለአንዳንዱ የማዕርግ ምልክት ብቻ ሆኖ ቆይቷል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ሳይከፈት የኖረ ክፍል እናውቃለን።

አለመግባባቱ የሚጀምረው መለኪያው ላይ ነው። ለጥናቱ የተቀጠረ አንድ ወጣት ለሁለት ሳምንት በቀን አራት ጊዜ በኮሪደሩ እያለፈ ማን እንዳለ ማን እንደ ሌለ በሰሌዳው ላይ ምልክት ሲያደርግ ነበር። ሰላምታ ሰጪ፣ ትሑት ልጅ ነው፤ አንወቅሰውም። ሌላ ቦታ ሥራው ለመሣሪያ ተሰጥቷል። በ2022 በቦስተን የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ በተመራማሪ ተማሪዎች ጠረጴዛ ሥር ሰው መኖር አለመኖሩን በሙቀት የሚለዩ ሴንሰሮች ቢተከሉ፣ ተማሪዎቹ ነቃቅለው አወጧቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም መሣሪያዎቹን አነሣ። ሰሌዳውም ሴንሰሩም የሚቆጥሩት በክፍሉ ውስጥ ያለውን ገላ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የመጣ፣ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር፣ ተማሪ ለማየት ላቦራቶሪ የወረደ ሁሉ «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። ሰባቱ ሜትር መጽሔትም ገላ የለውምና አይቆጠርም።

በየካቲት 2022 አንዲት ወጣት በራችንን አንኳኳች። የነርስነት ተማሪ ነበረች፤ እኛ የምናስተምረውን ትምህርት አልተመዘገበችም። በኮሪደሩ ስታልፍ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስም አይታ የሀገሯ ሰው መሆናችንን አውቃ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መግባት ይቻላል?» አለች። ከተቀመጠች በኋላ በሩን እንድንዘጋ ጠየቀች። በሀገር ቤት በነበረው ጦርነት ምክንያት የእናቷን ድምፅ ከሰማች ሰባት ወር አልፏት ነበር። እንቅልፍ የላትም፤ ሁለት ፈተና አምልጧታል፤ ይህን ለመምህሮቿ በእንግሊዝኛ ልትነግራቸው ሞክራ ቃሉ አልመጣላትም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተነጋገርን፤ በመጨረሻም እርሷ እየነገረችን ደብዳቤውን ጻፍንላት። በአዲሱ አሠራር ይህች ልጅ ማንን ነው የምትቀጥረው? ቀጠሮ ለመያዝ የሰው ስም ማወቅ ይጠይቃል፤ እርሷ ስሙን ያገኘችው በሩ ላይ ነው።

ይህንን ሁሉ አጠቃለን ለጉዳዩ ለተሰየመው ኮሚቴ አራት ገጽ ጻፍን። የጠየቅነው ከፋይን ሆል እጅግ ያነሰ ነው። በተለያየ ቀን የሚመጡ ሁለት መምህራን በር ያለውን አንድ ክፍል ይጋሩ፤ የሁለቱም ስም በሩ ላይ ይጻፍ፤ መደርደሪያው እንደ ሥራው ዓይነት ይለያይ፤ ለሒሳብ መምህር የሚበቃው ለታሪክ መምህር አይበቃምና። በዚህ ከሚተርፉት ክፍሎች መጀመሪያ የሚታደሉት የኮንትራት መምህራን ይሁኑ። ሻይ የሚጠጣበት ክፍልም ከቢሮዎቹ ርቆ ምድር ቤት እንዳይጣል፣ እዚያው ፎቅ ላይ ይሁን አልን። አንድ የሥራ ባልደረባችን የቬብለንን መታጠቢያ ለምን አልጨመራችሁም ሲል ቀልዶብናል።

ኮሚቴው ከፊሉን ተቀበለ። የፎቁ ግማሽ አዳራሽ ሆኗል፤ በጠራ መስተዋት የተከለሉ ሁለት የመነጋገሪያ ክፍሎች ተሠርተውለታል። በቀረው ግማሽ ጥንድ ጥንድ ሆነን ገብተናል። የኛ ተጋሪ የእስፓኝ ሥነ ጽሑፍ መምህርት ናቸው፤ ሰኞና ረቡዕ የኛ ነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ የእርሳቸው። የኮንትራት መምህራኑ አንድ ክፍል ለስምንት አግኝተዋል፤ በር አለው፣ ስም ግን አልተጻፈበትም፤ ስለዚሁ ጉዳይ በዚህ ሴሚስተር ሁለተኛ ደብዳቤ አስገብተናል። የተፈቀደልን መደርደሪያ ስድስት ሜትር ነው። ከሰባቱ ሜትር ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱ መዝግቦ የተረከበን አራት ካርቶን ሲሆን፣ ፊደሉን የሚያነብ ሰው ስለ ሌላቸው ዝርዝሩን ያዘጋጀነው እኛ ነን። የቀሩት አሥራ አንድ ካርቶኖች፣ የዚህ መጽሔት ያለፉት ቅጾች ጭምር፣ ለጊዜው በአንድ ወዳጃችን ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቦታው እርጥበት ስላለው እስከ መጪው ክረምት ሊቆዩበት አይገባም። ደረቅ ክፍልና በር ያለው አንባቢ ቢኖር በማኅበሩ አድራሻ ይጻፍልን።